ቦርዱ ለሻምፒዮኑ ስም ሳይሆን ለማዕበሉ ይመረጥ

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም ያውንዴ ላይ የሆነውን የኢትዮጵያ ኳስ አፍቃሪ በቀላሉ አይረሳውም፡፡ ዋልያዎቹ በአፍሪካ ዋንጫ የምድባቸው የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ተከላካያቸውን ያሬድ ባየህን ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ አጡ፡፡ በአስር ሰው ሲታገሉ አምሽተው በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፉ፡፡ ያን ቀን "ይቺ ደግሞ የት ያለች አገር ናት?" ብሎ የጠየቀ አይጠፋም፡፡ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች የደሴቶች አገር ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም ኢስዋቲኒን 3 ለ 0 ረታ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማለፏን ስታረጋግጥ ግን ጠያቂው ሁሉ መልሱን አገኘ፡፡

ኬፕ ቨርዴ ግን ከኳሱ በፊት በዓለም አናት ላይ የወጣችበት ሌላ ስፖርት አላት፡፡ ካይት ሰርፊንግ ይባላል፡፡ የሳል ደሴቱ ልጅ ሚቱ ሞንቴይሮ እ.ኤ.አ በ2008 በማዕበል ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፡፡ ከእሱ በኋላም ኤርተን ኮዞሊኖና ማቹ ሎፔስ ከዚያው ከሳል ተነስተው የዓለም ሻምፒዮንነትን ክብር ተቀዳጅተዋል፡፡ አንዲት ደረቅ፣ ሜዳማና ስሟን ከጨው ያገኘች ደሴት ይህን ሁሉ ሻምፒዮን ማውጣቷ የሚገርም ነው፡፡ የስፖርቱ ተከታዮች ወደዚያች ደሴት ቢጎርፉም አይፈረድባቸውም፡፡

የሚፈረድባቸው ሌላ ነገር ላይ ነው፡፡ ከየአገሩ ወደ ማዕበሉ የሚሄደው አዲስ ጋላቢ፣ ሳልም ይሁን ሞሪሽየስ ወይም ኬፕ ታውን፣ ከውሃው በፊት የሚገባው ሱቅ ነው፡፡ እዚያም ግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ቦርዶች መካከል በጣቱ የሚጠቁመው ሻምፒዮኑ የሚጋልብበትን ነው፡፡ ሻጩም ደስ እያለው ያወርድለታል፡፡ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ የትኛው ማዕበል ላይ እንደሚወጣ፣ ስንት ወር እንደተለማመደ የሚጠይቀው የለም፡፡ ይህ ልማድ ገንዘብ ያባክናል ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ አጥንት ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ሊያመጣ ይችላል፡፡

ነገሩ ለኳስ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፡፡ መርካቶ ወርዶ ቴሌቪዥን ላይ ያየውን ኮከብ ታኬታ የሚገዛ የሰፈር ልጅ ስንት ነው? ኮከቡ ያን ጥርሱ ረዘም ያለ ታኬታ የሚያደርገው ውሃ በጠገበ ለስላሳ ሳር ላይ ነው፡፡ ልጁ ግን ጠጠር ሜዳ ላይ ይዞት ይወጣል፡፡ ጥርሱ መሬት አይገባለትም፣ ሲዞር ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፡፡ ታኬታው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሜዳ የተሠራ ሆኖ ነው፡፡ የካይት ቦርድም ጉዳይ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሜዳው የሚንቀሳቀስና የሚመታ መሆኑ ነው፡፡

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ ጋላቢው ወገቡ ላይ መታጠቂያ ያስራል፡፡ ከመታጠቂያው ጋር በረጃጅም ገመዶች የተያያዘ፣ በአየር የተነፋ ትልቅ ካይት ሰማይ ላይ ሆኖ ይጎትተዋል፡፡ እሱም እግሩ ስር ባለው ቦርድ ውሃውን እየቀዘፈ ይሄዳል፡፡ ውሃ ላይ ወድቆ እንደገና የሚነሳውን የሚነፋ ካይት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ በ1984 በፈጠራ ባለቤትነት አስመዘገቡት፡፡ ስፖርቱ ግን የዓለምን ዓይን የሳበው በ1990ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ማዊ ደሴት ላይ ከታየ በኋላ ነው፡፡

እ.ኤ.አ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክም ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ማርሴይ ላይ ውድድር ተካሂዷል፡፡ ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንቱስና ብሪታኒያዊቷ ኤሊ አልድሪጅ ወርቁን ወስደዋል፡፡ ሆኖም ያ የፍጥነት ውድድር ነው፡፡ የእነሱ ቦርድ ከስሩ ባለ ረጅም ምሰሶና ክንፍ ከውሃው በላይ ተነስቶ የሚበር ነው፡፡ በዚያ ቦርድ ትልቅ ማዕበል ልጋልብ የሚል ሰው በሩጫ ጫማ ኳስ ሜዳ እንደገባ ይቆጠራል፡፡ ስለዚህ የኦሊምፒኩን አይቶ ቦርድ መምረጥም አያዋጣም፡፡

አንድ ደሴት፣ ሁለት ዳርቻ

ሳል ላይ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ብቻ የሚራራቁ ሁለት የባህር ዳርቻዎች አሉ፡፡ በምሥራቅ በኩል ያለው ካይት ቢች ነው፡፡ እዚያ ነፋሱ ገደም ብሎ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ የወደቀ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይገፋል፡፡ ጀማሪዎች የሚማሩትም እዚያ ነው፡፡ በምዕራብ በኩል ያለው ፖንታ ፕሬታ ነው፤ ጥቁሩ ጫፍ ማለት ነው፡፡ በክረምት ከሰሜን አትላንቲክ ተነስቶ የሚመጣው ትልቅ ማዕበል እዚያ ጥቁር ቋጥኝ ላይ ይሰበራል፡፡ ነፋሱ ደግሞ ከየብስ ወደ ባህር ነው፡፡

ይህ የነፋስ አቅጣጫ ለሻምፒዮኖቹ ሠርግና ምላሽ ነው፤ ማዕበሉን ከፊት እየደገፈ ግድግዳ አስመስሎ ያቆምላቸዋልና፡፡ የዓለም ውድድርም በተደጋጋሚ እዚያ የተካሄደው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ለጀማሪ ግን ወጥመድ ነው፡፡ ከቦርዱ ከወደቀ ማዕበሉ ቦርዱን ወደ ቋጥኙ ይወስድበታል፣ ነፋሱ ደግሞ እሱን ወደ ውቅያኖሱ ይገፋዋል፡፡ ቦርዱ በአንድ ወገን፣ ባለቤቱ በሌላ ወገን ይቀራሉ፡፡ የማዳኛ ጀልባ በአካባቢው ከሌለ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት አይከብድም፡፡

እንግዲህ በአንድ ደሴት ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ሜዳ ካለ "የቱ ቦርድ ይሻላል?" የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ ነው፡፡ ትክክለኛው ጥያቄ "የት፣ በየትኛው ማዕበል፣ ለስንት ኪሎ ሰው?" የሚለው ነው፡፡

መንታው ቦርድና አፍንጫ ያለው ቦርድ

አብዛኛው ጋላቢ የሚማረው ትዊን ቲፕ በሚባለው መንታ ቦርድ ነው፡፡ ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ፊትም ኋላም የለውም፡፡ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲኬድ እግር መቀያየር አያስፈልግም፡፡ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ርዝመቱ 138 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 41 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፡፡ ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እግር ማሰሪያ አለው፡፡ ለረጋ ውሃና ለዝላይ ከእሱ የተሻለ የለም፡፡

ማዕበል ላይ ግን ድክመቱ ይወጣል፡፡ ጎበዝ የማዕበል ጋላቢ ማዕበሉን ከያዘ በኋላ ካይቱን ሥራ ያስፈታዋል፡፡ ካይቱ ላዩ ላይ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፤ የሚገፋው ማዕበሉ ራሱ ነው፡፡ የስፖርቱ ጣዕምም እዚያች ቅጽበት ላይ ነው፡፡ መንታው ቦርድ በቂ ተንሳፋፊነት ስለሌለው ካይቱ መጎተቱን ሲያቆም ይሰምጣል፡፡ ስለዚህ ጋላቢው ካይቱን እያስጎተተ ከማዕበሉ ፊት ይሸሻል እንጂ አይጋልበውም፡፡ ትንንሾቹ ክንፎቹም ቁልቁል በሆነ ማዕበል ላይ ሲታጠፍ ውሃውን በደንብ አይነክሱም፡፡

ለማዕበል የሚሆነው አፍንጫና ጭራ ያለው፣ የተለመደውን የሰርፍ ቦርድ የሚመስለው ነው፡፡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ አቅጣጫ ሲቀየር እግርም ይቀየራል፡፡ የሚገርመው የመጀመሪያዎቹ ካይት ሰርፈሮች የተጠቀሙት እንዲህ ዓይነቱን ነበር፡፡ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንታው ቦርድ መጥቶ ሁሉን ጠቀለለው፤ የማዕበል ሰዎች ግን ቆየት ብለው ወደ ድሮው ተመለሱ፡፡ ለሁሉም ሜዳ የሚሆን አንድ ታኬታ እንደሌለ ሁሉ ለሁሉም ውሃ የሚሆን አንድ ቦርድ አለመኖሩን የስፖርቱ ታሪክ ራሱ አሳይቷል፡፡

ኪሎውን የማይጠይቅ ሻጭ

አፍንጫ ያለውን ቦርድ ከመረጡ በኋላ ነው ዋናው ስህተት የሚሠራው፡፡ እነዚህ ቦርዶች የሚሸጡት በጫማና በኢንች ነው፡፡ ብዙዎቹ ከ5 ጫማ ከ2 እስከ 6 ጫማ ናቸው፤ በሜትር ሲሰላ ከ1.57 እስከ 1.83 መሆኑ ነው፡፡ ከርዝመቱ በላይ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን ሊትሩ ነው፡፡ ሊትሩ ቦርዱ ምን ያህል ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ይናገራል፡፡ ለካይት የሚሠሩት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሊትር ባለው መካከል ናቸው፡፡ በእጁ ቀዝፎ የሚወጣ ሰርፈር ከዚህ ከፍ ያለ ሊትር ሊፈልግ ይችላል፤ ካይት ያለው ሰው ግን ከውሃ የሚያወጣው ካይቱ ስለሆነ በአነስተኛ ሊትር ይሠራል፡፡

60 እና 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ጫማ ከ4 ላይ ደህና ይሆናል፡፡ 75 እና 80 ኪሎ የሆነው ወደ 5 ጫማ ከ8 ቢጠጋ ይሻለዋል፡፡ 90 ኪሎ ያለፈው ደግሞ 6 ጫማ አካባቢ ቢይዝ አያፍርም፡፡ ይህ ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው፡፡ ነፋሱ ደካማ በሆነበት አካባቢ ትንሽ ሊትር ይጨመራል፤ ነፋሱ ጠንካራ ከሆነ ይቀነሳል፡፡ ጀማሪም ትንሽ ቢጨምር ይጠቅመዋል፤ እግር ሲቀያይር ቦርዱ አይሰምጥበትም፡፡

ሊትር ሲበዛ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፡፡ ሊትሩ የበዛ ቦርድ በተበጣጠሰ ውሃ ላይ እንደ ፕላስቲክ ኳስ ይነጥራል፡፡ ጠርዙን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ለመታጠፍም ይቸግራል፡፡ ሊትሩ ያነሰ ደግሞ ነፋሱ ለአፍታ ጋብ ሲል ከእግር ስር ይጠፋል፡፡ ሻምፒዮኖቹ ትንሹን የሚመርጡት ነፋስ ጋብ ሲል ምን እንደሚያደርጉ እግራቸው ስለሚያውቅ ነው፡፡ 90 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ የ70 ኪሎ ሻምፒዮን ቦርድ ላይ ሲወጣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል፡፡ ኪሎውን ሳይጠይቅ የሸጠለት ሰውም አለበት፡፡

ቁልመማ፣ ጭራና ክንፍ

ሁለተኛው ነገር ሮከር የሚባለው ነው፤ ቦርዱ በጎን ሲታይ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ምን ያህል እንደተቆለመመ ማለት ነው፡፡ ፖንታ ፕሬታን የመሰለ ቁልቁል ማዕበል የተቆለመመ ቦርድ ይፈልጋል፡፡ የቦርዱ ቅርጽ ከማዕበሉ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይተከልና ጋላቢው በጭንቅላቱ ይወረወራል፡፡ ትንሽና ጉልበት የሌለው ማዕበል ደግሞ ጠፍጣፋ ቦርድ ይፈልጋል፡፡ ጠፍጣፋው ፍጥነት ይሰጣል፣ ነፋስን ተቃርኖ ለመሄድም ይቀላል፡፡ ለትልቅ ማዕበል የተሠራውን የተቆለመመ ቦርድ ትንሽ ማዕበል ላይ ያወጣ ሰው ውሃውን እየገፋ ይውላል፤ ይደክማል እንጂ አይጋልብም፡፡

ጭራም እንዲሁ ነው፡፡ ጫፉ የሾለ ጭራ ትልቅና ፈጣን ማዕበል ላይ ይይዛል፣ አይንሸራተትም፡፡ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ ጭራ ትንሽ ማዕበል ላይ ቶሎ ይዞራል፣ ይንሳፈፋል፡፡ እንደ ወፍ ጭራ ለሁለት የተከፈለው በሁለቱ መካከል ያለ ነው፡፡ አፍንጫውም ቢሆን አጭርና የተቆረጠው ለትንሽ ማዕበልና ለዝላይ፣ የሾለው ለትልቅ ማዕበል ይስማማል፡፡

ከስር የሚታሰሩት ክንፎች ሦስት ወይም አራት ይሆናሉ፡፡ አራት ክንፍ ያለው ይፈጥናል፣ ነፋስን ተቃርኖ መሄድም ይቀናዋል፡፡ ሦስት ክንፍ ያለው መሃል ላይ ባለው አንድ ክንፍ ዙሪያ ስለሚዞር መታጠፊያው ይበልጥ ይታወቃል፤ ጋላቢው ቦርዱ ምን እንደሚያደርግ ይገምታል፡፡ ብዙ ቦርዶች አምስት ማሰሪያ ስላላቸው ሁለቱንም መሞከር ይቻላል፡፡ ይህ ከሁሉም በርካሹ የሚገኝ ለውጥ ነው፡፡ ቦርዴ አልተስማማኝም ብሎ አዲስ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ክንፍ ቀይሮ ማየት ብልህነት ነው፡፡

እግር ይታሰር ወይስ አይታሰር?

ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሚቱ ሞንቴይሮ ስሙ ከገነነባቸው ነገሮች አንዱ ያለ እግር ማሰሪያ በመጋለቡ ነው፡፡ እግሩ ሲፈታ ጋላቢው ቦርዱ ላይ ወደፊትም ወደኋላም እየተራመደ ክብደቱን ማዕበሉ ወደጠየቀው ቦታ ያደርጋል፡፡ ሲወድቅም እግሩ ተይዞ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አይጠመዘዝም፡፡ ማሰሪያ ደግሞ ነፋሱ ሲበረታና ውሃው ሲበጣጠስ ቦርዱ ከእግር እንዳይወጣ ይይዛል፡፡ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፡፡

ነገር ግን ያለ ማሰሪያ የሚጋልብ ሰው ቦርዱን ደጋግሞ ይጥላል፡፡ ስለዚህ ማሰሪያውን ከመፍታቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፡፡ ይኸውም ያለ ቦርድ፣ በካይቱ ብቻ፣ ሰውነቱን ውሃ ውስጥ እያስጎተተ ነፋስን ተቃርኖ ወደ ጠፋው ቦርድ መመለስ ነው፡፡ ይህን በረጋ ውሃ ላይ ደጋግሞ ያልሠራ ሰው ቋጥኝ ባለበት ማዕበል ላይ መውጣት የለበትም፡፡

አንዳንዱ ጀማሪ ይህን ችግር ለማቅለል ቦርዱን በሚለጠጥ ገመድ ከሰውነቱ ጋር ያስራል፡፡ ይህ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፡፡ ካይቱ ሰውየውን ወደፊት ሲጎትት ቦርዱ ውሃ ይዞት ወደኋላ ይቀራል፣ ገመዱ ይለጠጣል፣ ከዚያ ቦርዱ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈንጥሮ ይመጣል፡፡ የሚያርፈው ደግሞ ጭንቅላት ላይ ነው፡፡ በዚህ መንገድ የተጎዱ አሉ፤ ለዚህም ነው ጠንቃቃ አስተማሪዎች ገመዱን የሚከለክሉት፡፡

የአሽዶድ ማዕበል ፖንታ ፕሬታ አይደለም

ይህ ወሬ ባህር ለሌለው አገር ሕዝብ ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ ኢትዮጵያ ባህር ባይኖራትም ልጆቿ ባህር ዳር መኖራቸው መዘንጋት የለበትም፡፡ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የሚኖሩባቸው አሽዶድ፣ አሽቀሎንና ነታንያ ሦስቱም የሜዲትራኒያን ዳርቻ ከተሞች ናቸው፡፡ ካይት ሰርፊንግ በዚያ ዳርቻ የታወቀ ስፖርት ነው፡፡ እዚያ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ከመስኮቱ ሆኖ ካይት ሊያይ ይችላል፡፡ አንድ ቀንም "እኔስ?" ማለቱ አይቀርም፡፡

የዚያ ባህር ማዕበል ግን እንደ አትላንቲኩ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ተሰልፎና ተራርቆ የሚመጣ አይደለም፡፡ አብዛኛውን ጊዜ አጭር፣ ተደጋጋሚና በነፋስ የተበጣጠሰ ነው፡፡ ለዚህ ውሃ የሚሆነው አጠር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ጠፍጣፋና ጭራው ያልሾለ ቦርድ ነው፡፡ የፖንታ ፕሬታ ሻምፒዮን በትልቁ ቀን የሚይዘውን የሾለና የተቆለመመ ቦርድ አሽዶድ ላይ ያወጣ ልጅ ወሩን ሙሉ ሲወድቅ ይከርማል፡፡ ከዚያም "ይህ ስፖርት ለእኔ አልተፈጠረም" ብሎ ይተወዋል፡፡ ቦርዱ አልተፈጠረለትም እንጂ ስፖርቱስ ይሆነው ነበር፡፡ ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው፡፡ በማይሆን ታኬታ ምክንያት ኳስ የተወ ልጅ ምን ያህል እንደሚያሳዝን የሚያውቅ ሁሉ ይህንንም ይረዳዋል፡፡

"ጎበዝ በከባዱ ይማራል" ለሚሉ

በዚህ አስተያየት የማይስማሙ አሉ፡፡ "ሻምፒዮኑ የመረጠው ቦርድ መጥፎ ሊሆን አይችልም፤ በከባዱ የተማረ ጎበዝ ይወጣዋል" ይላሉ፡፡ የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፡፡ በሻምፒዮኖች ስም የሚሸጡ ቦርዶች በደንብ የተሠሩ ናቸው፡፡ ጥራታቸውን የሚጠራጠር የለም፡፡

ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው፡፡ ሻምፒዮኑ ራሱ በአንድ ቦርድ አይኖርም፡፡ ለትልቅ ማዕበል ሌላ፣ ለትንሽ ማዕበልና ለዝላይ ሌላ ይይዛል፡፡ አምራቾችም ለዚህ ነው የማዕበል ቦርዶቻቸውን በሁለትና በሦስት ዓይነት ከፍለው የሚያወጡት፡፡ ደጋፊው ፎቶው ላይ የሚያየው የአንዱን ቀን ቦርድ ነው፡፡ የቀረውን አያይም፡፡ እንዲያውም ሻምፒዮኑን መምሰል የሚፈልግ ሰው መኮረጅ ያለበት ቦርዱን ሳይሆን ጠዋት ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ማዕበሉንና ነፋሱን ቆሞ የማየት ልማዱን ነው፡፡

በከባዱ መማርም ቢሆን ቦታ አለው፡፡ ሜዳው ጠጠር ብቻ በሆነበት ሰፈር ያደገ ልጅ ኳስ ቢችል በጠጠሩ ምክንያት ሳይሆን ጠጠሩ እያለ ነው፡፡ ቋጥኝ ላይ በሚሰበር ማዕበል የሚሠራ ስህተት ደግሞ ለሁለተኛ ሙከራ ዕድል የሚሰጥ አይደለም፡፡

ምን ይደረግ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም፡፡ የመጀመሪያው ድርሻ የሻጩ ነው፡፡ አንድ አዲስ የማዕበል ቦርድ ብዙውን ጊዜ ከ600 ዩሮ በላይ ያወጣል፡፡ ይህን ያህል ገንዘብ የሚቀበል ሰው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ አይከብደውም፡፡ ስንት ኪሎ ትመዝናለህ? የምትጋልበው የት ነው? ነፋስን ተቃርነህ ወደ ተነሳህበት ቦታ መመለስ ትችላለህ? ለሦስተኛው ጥያቄ "አልችልም" ያለ ደንበኛ የማዕበል ቦርድ ሳይሆን ተጨማሪ ትምህርት ነው የሚያስፈልገው፡፡ ሻጩ ይህን ነግሮት ቢያሰናብተው ዛሬ ገበያ ያጣል፣ ነገ ግን ደንበኛ ያገኛል፡፡

ሁለተኛው ድርሻ የማሰልጠኛዎች ነው፡፡ ተማሪን መንታ ቦርድ ላይ አቁሞ፣ ሰርተፍኬት ሰጥቶ፣ እጁን ጨብጦ መሸኘት ሥራን ጨረስኩ አያሰኝም፡፡ ካይት ቢች ላይ የተማረ ሰው በማግስቱ ፖንታ ፕሬታ ላይ እንዳይወጣ ግልጽ አድርጎ መንገር ግዴታቸው ነው፡፡ በረጋ ውሃ ላይ አፍንጫ ያለውን ቦርድ ለጥቂት ቀን አስይዘው እግር መቀየርን ቢያስተምሩ ደግሞ ብዙ አደጋ ይቀራል፡፡

ሦስተኛውና ትልቁ ድርሻ የገዢው ነው፡፡ ከመግዛት በፊት መከራየት ይቻላል፡፡ ሁለት ሦስት ዓይነት ቦርድ በዚያው በሚጋልብበት ውሃ ላይ የሞከረ ሰው ከማንም ምክር የተሻለ መልስ ያገኛል፡፡ ሰልባጅ መግዛትም ነውር አይደለም፤ ግን ማየት ያስፈልጋል፡፡ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ የሚለሰልስ ከሆነ ውስጡ ያለው ፎም ደክሟል ማለት ነው፡፡ የክንፎቹ ማሰሪያ ዙሪያ የተሰነጠቀ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፡፡ ከመጠኑ በላይ የከበደ ቦርድም ውሃ የጠጣ ነው፡፡

ሌላም መዘንጋት የሌለበት አለ፡፡ በእጅ እየተቀዘፈ ለሚጋለብ ተብሎ የተሠራ ስስ የሰርፍ ቦርድ ርካሽ ሆኖ ቢገኝም ለካይት አይበረክትም፡፡ የካይት ጋላቢ ተረከዙን እየተከለ ይጎተታል፣ ዘሎም ያርፍበታል፡፡ ስለዚህ ለካይት የሚሠራው በፋይበር ግላስ ድርብርብ፣ በቀርከሃ ወይም በካርቦን ይጠናከራል፡፡ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ወሩን ሳይጨርስ ለሁለት አይሰበርም፡፡ ለጀማሪ ከቅለት ይልቅ ጥንካሬ ይበልጥበታል፡፡

የሳል ልጆች ሻምፒዮን የሆኑት በተወለዱበት ደሴት ያለውን ማዕበል ከልጅነት ጀምረው እያዩ፣ እየወደቁና እየተነሱ ስላወቁት ነው፡፡ ያን ዕውቀት ማንም ከግድግዳ ላይ አውርዶ አይሸጠውም፡፡ የሚሸጠው ቦርዱ ብቻ ነው፡፡ ቦርዱን የሚገዛ ሰው ቢያንስ የራሱን ኪሎ፣ የራሱን ማዕበልና የራሱን ችሎታ ይዞ ሱቅ ይግባ፡፡ ሻጩ ካልጠየቀው እሱ ራሱ ይናገር፡፡ የሻምፒዮኑ ስም የተጻፈበትን ቦርድ አይቶ ልቡ ከቀለጠ ደግሞ መለያውን ወይም ኮፍያውን ይግዛ፤ ማዕበል ላይ የሚወጣው ግን በሚሆነው ቦርድ ይሁን፡፡